በ100 ዶላር በፖፕአንደር ለካዚኖ ተጫዋች ማምጣት ያዋጣል ወይ?

ወንድምዓለም፣ ከደብረ ማርቆስ የላክኸውን ጥያቄ አየሁት። እጅህ ላይ 100 ዶላር አለ። አንድ የውጭ ኦንላይን ካዚኖ፣ ተመዝግቦ ለመጀመሪያ ጊዜ ገንዘብ ላስገባ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 40 ዶላር እከፍላለሁ ብሎሃል። በፖፕአንደር፣ ማለትም ሰው ሌላ ሳይት ላይ ሲነካ ገጽህን በሌላ መስኮት ወይም ታብ በሚከፍት ማስታወቂያ፣ ብሞክረው ያዋጣኛል ወይ ነው ያልከው። የመጀመሪያው 100 ዶላር አያተርፍም ብለህ ተነሣ። የሚገዛልህ መረጃ ነው፤ መረጃውን ሳትይዝ ካጠፋኸው ግን ጠቅላላው ኪሳራ ነው።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። ሺህ ዕይታ በ1.25 ዶላር ብትገዛ 80,000 ዕይታ ታገኛለህ። ከመቶ ሰው ሁለቱ ገጽህ ላይ ያለውን ቁልፍ ቢጫኑ 1,600 ሰው ወደ ካዚኖው ያልፋል። ከእነዚህ 3 በመቶው ቢመዘገቡ 48 ናቸው፤ ከሃያው አንዱ ገንዘብ ቢያስገባ ሁለት ሰው። 80 ዶላር ገባ፣ 20 ዶላር ጎደለ። ይህን ጉድለት የሚያጠፋው ዋናው ሥራ የማይረባ ዞን (ማስታወቂያህ የሚከፈትበት ሳይት) መቁረጥ ነው፤ እደርስበታለሁ።

ከመክፈልህ በፊት የካዚኖውን የአፊሊየት (ተጫዋች አምጥተው የሚከፈላቸው ሰዎች) ኃላፊ በጽሑፍ ጠይቀው፦ ፖፕአንደር ትቀበላላችሁ? የማይቀበሉ ብዙ ናቸው፤ ተጫዋቹን ካመጣህ በኋላ ክፍያህን ይሰርዙታል። ተጫዋቹ ቢያንስ ስንት ሲያስገባ ነው የሚቆጠርልኝ? ገንዘቡን ስንት ቀን ይዛችሁ ታቆያላችሁ? በየትኞቹ አገሮችስ ፈቃድ አላችሁ? አገሩን በዚህ መልስ ነው የምትመርጠው። ብራዚል ውስጥ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ፈቃድ ያለው ብቻ ነው የሚሠራው፤ የመግቢያ ቦነስ መስጠትም በሕጋቸው ክልክል ነው፤ ስለዚህ «ነፃ ቦነስ» የሚል ገጽ እዚያ አይሆንም። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣችው ሕግ ኦንላይን ካዚኖ ለነዋሪዎቿ ማቅረብን ከልክላለች። ኢትዮጵያን ከዝርዝሩ አውጣት። እዚህ ፈቃድ ወደሌለው ካዚኖ የማርቆስን ወይም የባሕር ዳርን ልጅ መጎተት ሕጉም ሕሊናም አይፈቅደውም።

አሁን ጎጃም ላለ ሰው ከሁሉ የሚብሰው ነገር። ካምፔይንህ፣ ማለትም ከፍለህ ያስጀመርኸው ማስታወቂያ፣ የሚሠራው ውጭ አገር ሰርቨር ላይ ነው። ማርቆስ መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ለቀናት ቢቋረጥ፣ እሱ ገንዘብህን መብላቱን አያቆምም። የዕለቱን ጣሪያ 15 ዶላር፣ የጠቅላላውን 45 ዶላር አድርገው፤ ሦስት ቀን ሄዶ ራሱ ይቆማል፣ ቁጥሩን አይተህ ትጨምራለህ። ጣሪያው በጥቂቱ ሊያልፍ ስለሚችል 100ውንም ጣሪያ አታድርገው። ሰዓቱንም አስብበት። ብዙ አድ ኔትወርክ (ዕይታውን የሚሸጥልህ ድርጅት) በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት፣ ነው የሚቆጥረው፤ ቀኑ የሚቀየረው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ሳኦ ፓውሎ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ የዕለቱ በጀት ሊታደስ አንድ ሰዓት ሲቀረው ማለት ነው። ወጪውን ቀኑን ሙሉ እኩል እንዲያከፋፍል ካላዘዝኸው ሰዎቹ ከሥራ ተመልሰው ስልክ በሚይዙበት ሰዓት በጀቱ ባዶ ይሆናል።

ካምፔይኑን ስትከፍት አንድ አገር፣ አንድሮይድ ብቻ፣ ለአንድ ሰው በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲታይ አድርገው። ኮምፒውተርን በሌላ ካምፔይን ለየው፤ ከተቀላቀሉ የትኛው እንደሠራ አታውቅም።

ቀጥሎ ፖስትባክ፣ ማለትም ተጫዋቹ ገንዘብ ማስገባቱን ካዚኖው መልሶ የሚነግርህ መልእክት። አድ ኔትወርኩ ለእያንዳንዱ ዕይታ መለያ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ በትራከርህ (ዕይታና ክሊክ በሚቆጥርልህ ፕሮግራም)፣ በገጽህና በካዚኖው ሊንክ አልፎ ገንዘብ ሲገባ ተመልሶ መምጣት አለበት። ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ከገጽህ ወደ ካዚኖው ሲሻገር ነው፤ ቁልፉ ላይ ያለው ሊንክ ቁጥሩን ይዞ አይሄድም። ኃላፊውን የሙከራ ምዝገባ እንዲልክልህ ጠይቀው፤ ትራከሩ ላይ ካልታየ አንድ ሳንቲም አታውጣ። ራስህ ተመዝግበህ ገንዘብ አስገብተህ አትሞክረው፤ ሒሳብህን ይዘጉብሃል።

ዞን የምንለው ማስታወቂያህ የሚከፈትበት የአንድ ሳይት መለያ ነው። የፖፕአንደር ትራፊክ እንደ ሰርገኛ ጤፍ ድብልቅ ነውና መልቀሙ የአንተ ሥራ ነው። ትልቅ በጀት ያለው ሰው አንድ ዞን 40 ዶላር በልቶ ተጫዋች እስኪያጣ ይጠብቃል፤ አንተ አትችልም። ስለዚህ ክሊክ ተመልከት። አማካዩ 2 በመቶ ከሆነ 1,500 ዕይታ 30 ክሊክ ማምጣት አለበት፤ ከ10 በታች ካመጣ ብላክሊስት (ማስታወቂያህ የማይከፈትባቸው ዞኖች ዝርዝር) አስገባው፤ የከሰርኸው ሁለት ዶላር እንኳ አይሞላም። ተቃራኒውንም ጠርጥር፦ 40 በመቶ ክሊክ ኖሮት አንድም ምዝገባ ከሌለው፣ ወይም ገጹ በተከፈተ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ የሚጫን ከሆነ ሰው ሳይሆን ቦት፣ ራሱ የሚጫን ፕሮግራም፣ ነው።

ስለ ገጹ። ፖፕአንደር የሚከፈተው ሰውየው ሌላ ሳይት ላይ ሲነካ ነው፤ ስልክ ላይ ደግሞ አዲስ ታብ ሆኖ ይቀመጣል። ከደቂቃዎች በኋላ ሲያየው ከየት እንደመጣ አያውቅም። ስለዚህ የታቡ ርእስ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ቁልፍ፣ የዕድሜ ገደቡ በግልጽ፤ ከ150 ኪሎባይት በታች። ቪዲዮ አትጫንበት፤ ክሮም ብዙ ጊዜ ድምፅ ያለውን ቪዲዮ በራሱ እንዲጀምር አይፈቅድም። አድ ኔትወርኩ 1,000 ቆጥሮ ትራከሩ 700 ካሳየ ገጹ ሳይከፈት እየተዘጋ ነው። «ስልክዎ ቫይረስ አለበት»፣ «አሸንፈዋል» የሚሉትን አትንካ፤ ዶሜይንህ (የገጽህ አድራሻ) በጎግል የአደገኛ ሳይቶች ዝርዝር ውስጥ ከገባ ጎብኚው ቀይ ማስጠንቀቂያ ብቻ ያያል፣ አንተ ግን ለዕይታው መክፈልህ ይቀጥላል። ቁማርን እንደ ገቢ ማግኛ አድርገህም አትጻፍ፤ የቤት ኪራዩን ይዞ የሚመጣ ሰው አለ።

30 ዶላር ወጥቶ ምዝገባ ዜሮ ከሆነ አቁመህ ገጹንና ሊንኩን መርምር። ምዝገባ እየመጣ ገንዘብ የሚያስገባ ከጠፋ ግን ገጽህን አትነካካው፤ ካዚኖው የዚያ አገር ሰው የሚጠቀምበትን የክፍያ መንገድ መያዙን እይ፤ ካልያዘ ካዚኖውን ቀይር።