የአሮጌ ፒክአፕ ፍሬን፦ ጠይቁኝ ብዬ የመጣብኝ

ስለ አሮጌ ፒክአፕ ፍሬን ያላችሁን ጥያቄ ወርውሩ ብዬ ነበር። ወረወራችሁ። አብዛኛው ስለ ቶዮታ ሃይሉክስ ነው፤ አገሩን የሞላው እሱ ስለሆነ አይገርምም። እኔም ሃያ ምናምን ዓመት እጄን ያቆሸሽኩት በእሱ ነው፤ በተለይ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ናፍጣ ሞተር ባላቸው። ከመጀመሬ በፊት አንድ ልመና አለኝ። “ፍሬኑ አስቸገረኝ” ብቻ አትበሉኝ። ፔዳሉ ጠነከረ? ላላ? ሰመጠ? ተንቀጠቀጠ? እግራችሁ የነገራችሁን ንገሩኝ። የምርመራው ግማሽ እዚያው ያልቃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባለ 5ኤል ሃይሉክስ አለኝ። ፔዳሉ ድንጋይ ሆኖብኛል። በሁለት እግሬ ካልቆምኩበት አይዝም። ሸራ ሁለት ጊዜ ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም።

ሸራውን ተወው ወንድሜ፣ ጥፋተኛው እሱ አይደለም። ፔዳል ሲጠነክር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሰርቮው ነው። ኮፈኑን ስትከፍት ከፔዳሉ አቅጣጫ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ድስት የሚያክል ክብ ጥቁር ነገር ማለት ነው። እግርህን የሚያግዘው በቫኪዩም ነው። የቤንዚን መኪና ቫኪዩሙን ሞተሩ አየር ከሚስብበት ቱቦ ያገኛል። ናፍጣ እዚያ ጋ በቂ ቫኪዩም የለውም። ስለዚህ ቶዮታ በእነዚህ ሞተሮች ላይ ከዲናሞው ጀርባ ትንሽ የቫኪዩም ፓምፕ ገጠመ። ሰው ዲናሞ መብራት ብቻ የሚሰጥ ይመስለዋል፤ ያንተ ዲናሞ ፍሬንም ያግዛል።

እንዲህ ሞክር። ሞተሩን አጥፋ። ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ርገጥ፣ እስኪጠነክር። ከዚያ እግርህን ሳታነሳ ሞተሩን አስነሳ። ፔዳሉ ከእግርህ ሥር ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው ሕይወት አለው። ምንም ካልተንቀሳቀሰ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ፓምፑ፣ ወደ ሰርቮው የሚሄደው ጎማ ቱቦ (በውስጡ ያለችውን የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ጨምሮ)፣ ወይም ራሱ ሰርቮው። ከርካሹ ጀምር። ሞተሩ እየሠራ ቱቦውን ከሰርቮው ነቅለህ አፉን በአውራ ጣትህ ድፈነው። ጣትህን ጠበቅ አድርጎ ካልሳበ ሰርቮ ለመግዛት አትሩጥ፤ ችግሩ ቱቦው ወይም ፓምፑ ነው። አንድ ደንበኛዬ ሰርቮ ገዝቶ ከመጣ በኋላ የተሰነጠቀ ቱቦ አሳይቼዋለሁ። ፊቱን አልረሳውም።

ሌላም ነገር አለ። ያ ፓምፕ የሚለሰልሰው በሞተር ዘይት ነው። ዘይት የሚወስድለት ቱቦ ካፈሰሰ ፍሬን ብቻ ሳይሆን ሞተርም ይዞ ይሄዳል። ከዲናሞው ጀርባ ዘይት ካየህ ነገ ዛሬ አትበል።

ጥያቄ፦ መብራት ላይ ፍሬን ይዤ ስቆም ፔዳሉ ቀስ እያለ ይሰምጣል። የትም የፈሰሰ ነገር የለም። አየር ገብቶበት ይሆን?

አየር የገባበት ፔዳል እንደ ስፖንጅ ነው፤ ሲረገጥ ይለጠጣል፣ ደጋግመህ ስትመታው ይነሳል። ያንቺ ግን ተይዞ እያለ ይሰምጣል። ማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ፈሳሹን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው) ውስጥ ያሉት ጎሚኒዎች፣ ፈሳሹን የሚያግዱት ትንንሽ ጎማዎች፣ አርጅተዋል። ፈሳሹ ወደ ውጭ አይወጣም፤ በጎሚኒው አልፎ ወደ ኋላ ይመለሳል። የሚፈስ ነገር ያላየሽው ለዚህ ነው።

እግረ መንገዴን ስለ አየር ማስወጣት ልናገር፣ ብዙ ማስተር ሲሊንደር የሚሞተው በዚያ ነው። ረዳቱ ጋቢና ውስጥ ቁጭ ብሎ “ርገጥ! ያዝ!” ሲባል ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይደበድበዋል። በየቀኑ ስትነጂ ግን ፔዳሉ እስከዚያ አይወርድም። ስለዚህ የሲሊንደሩ መጨረሻ ለዓመታት ሳይነካ ዝጎ ቆሻሻ ይዟል። ጎሚኒው እዚያ ሲደርስ ይቀደዳል። ከፔዳሉ ሥር ቁራጭ እንጨት አድርጉ፣ እስከ መጨረሻው እንዳይወርድ። ቅደም ተከተሉም ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ይጀምራል፤ በአብዛኛው ከኋላ።

ጥያቄ፦ ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ስወርድ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ከዚያ ፔዳሉ ወለል ነካ። እግዜር ነው ያወጣኝ። ቆሜ ግማሽ ሰዓት ስጠብቅ ደህና ሆነ። መካኒኩ “ምንም የለውም” አለኝ።

አለው እንጂ! ጥያቄህ ከሁሉ ስለከበደኝ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። ከነጭነቱ 2.5 ቶን የሚመዝን ፒክአፕ ያን ያህል ሲወርድ ሁሉንም በፍሬን ብቻ ብትይዘው የሚፈጠረው ሙቀት ከ70 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ያ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው በሁለት ዲስክና በሁለት ታምቡር ላይ ነው።

ከዚያ ሁለት ዓይነት ጉድ ይመጣል፤ የሚለያቸውም እግርህ ነው። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለ ሸራው ነው የጋለው፤ መያዝ አቅቶታል። ፔዳሉ ለስልሶ ወለል ከነካ ደግሞ ፈሳሹ ፈልቷል። ፈሳሽ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። እግርህ የሚጨምቀው እሱን ነው፤ ግፊቱ ጎማው ጋ አይደርስም። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፣ ፔዳሉም ይመለሳል። ለዚህ ነው መካኒኩ ጋ ስትደርስ “ምንም የለውም” የተባልከው።

ለምን ፈላ? የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ መቆየት አለበት። እርጥበት ሲገባበት መለኪያው ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 አዲስ እያለ 230፣ እርጥበት ሲጠጣ 155 ነው። ያንተ ስንት ዓመቱ ነው? መልሱ “መኪናውን ስገዛ የነበረው ነው” ከሆነ መልሱን አግኝተሃል። በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር። የጠቆረውን በላዩ እየሞሉ መሄድ መቀየር አይደለም። ለእንዲህ ዓይነት መንገድ እኔ ዶት 4 አደርጋለሁ፤ ከዶት 3 ጋር ይስማማል። ዶት 5 የሚለውን ግን አትንካ፣ ሲሊኮን ነው፣ አይቀላቀልም።

አነዳዱን ደግሞ የድሮ ሾፌሮች ጠይቅ። በምትወጣበት ማርሽ ውረድ ይሉሃል። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ አስገባና ሞተሩ ይያዝህ። ፍሬኑን በየመሃሉ ጠንከር አድርገህ ረግጠህ ፍጥነቱን ቀንስ፣ ከዚያ ልቀቀው፣ ይተንፍስ። እግር ጭኖ መውረድ ነው የሚያቃጥለው። ኩንትራ ማውጣት የሚባለውን፣ ማርሽ ነጻ አድርጎ መንሸራተትን፣ ለነዳጅ ቁጠባ ብለህ እዚያ ቁልቁለት ላይ እንዳታስበው። ከጋለ ደግሞ ጥግ ይዘህ ቁም። በጋለ ዲስክ ላይ ውሃ የሚደፉ አይቻለሁ፤ ብረቱን ያጣምመዋል፣ ሊሰነጥቀውም ይችላል። በእጅ ፍሬን ጨምቀህም አታቁመው። ማርሽ አስገባና ጎማው ሥር ድንጋይ አድርግ።

ጥያቄ፦ ጠዋት ጠዋት ሲጢጥ ይላል። ትንሽ ስነዳ ይጠፋል።

የሌሊት እርጥበት ዲስኩ ላይ የሠራው ቀጭን ዝገት ነው። ተኛ። ቀኑን ሙሉ የሚጮህ ከሆነ ወይም ብረት ከብረት የሚፋጭ ድምፅ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ጎማውን አውልቀህ የሸራውን ውፍረት እይ። 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲደርስ እኔ እቀይራለሁ።

ጥያቄ፦ የፍሬን ዘይት አልቆብኝ ገጠር ውስጥ ነበርኩ። ትንሽ የሞተር ዘይት ጨመርኩበት። ችግር አለው?

ስሙ ነው ጉድ የሠራን። “የፍሬን ዘይት” እንላለን እንጂ ዘይት አይደለም። የሞተር ዘይት ከነዳጅ ድፍድፍ ነው የሚወጣው፤ የፍሬን ጎሚኒ ደግሞ እሱን አይችልም። ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። መጀመሪያ ፍሬኑ ሳይረገጥ ይይዛል፤ በኋላ ጨርሶ እምቢ ይላል። የማጠራቀሚያውን ክዳን ክፈት፤ በክዳኑ ውስጥ ያለው ጎማ አብጦ ከተጣመመ ነገሩ ተሰራጭቷል። ያን ጊዜ ሁሉም ጎሚኒ፣ ጎማ ቱቦዎቹም ጭምር ይቀየራሉ፤ የብረት ቱቦዎቹም ይታጠባሉ። አውቃለሁ፣ ውድ ነው። ከፍተህ እስክታየው ድረስ መኪናውን አታንቀሳቅሰው። ከእንግዲህ ግማሽ ሊትር የታሸገ የፍሬን ዘይት ከወንበርህ ኋላ አይጥፋ።

ጥያቄ፦ ፍሬን ስይዝ መሪው ወደ ግራ ይጎትታል። በግራ በኩል ያለውን ካሊፐር ላስፈታ?

ቆይ። ካሊፐር ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ክፍል ነው። ወደ ግራ ከጎተተ ብዙ ጊዜ ግራው ደህና ነው፤ ሰነፉ ቀኙ ነው። መጀመሪያ የጎማ ነፋስ እኩል አድርግ። ከዚያ ትንሽ ነድተህ ሁለቱን ቸርኬ በእጅህ ቀረብ ብለህ ሙቀቱን አነጻጽር፤ አትንካው። የቀዘቀዘው አልሠራም ማለት ነው። በፎር ዊል ድራይቮቹ ላይ የፊት ካሊፐር በአብዛኛው ባለ 4 ፒስተን ነው፤ አንዱ ወይም ሁለቱ ዝገው ይጣበቃሉ።

ፍሬኑን ለቀህም አንዱ ጎማ ታስሮ ከቀረ አንዲት ዘዴ አለች። መኪናውን በክሪክ አንሳና የአየር ማውጫዋን ብሎን ላላ አድርግ። ፈሳሽ ፊጭ ብሎ ጎማው ነጻ ከሆነ ካሊፐሩ ንጹህ ነው። ጎማ ቱቦው በውስጡ አብጦ ፈሳሹን አሳልፎ አይመልስም ማለት ነው። ከውጭ ሲያዩት አዲስ ይመስላል! አሁንም ከታሰረ ያኔ ካሊፐሩን ፍታ።

ጥያቄ፦ ጭነት እንዲችል ከኋላ ሁለት ባሌስትራ አስጨመርኩ። ከዚያ ወዲህ ሲጫን የኋላው ፍሬን የለም ማለት ይቻላል።

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ባገኝ እያልኩ ነበር። መኪናህ ሥር ግባ። ከኋላው አክሰል ወደ ሻሲው የምትሄድ ቀጭን የብረት ዘንግ ታያለህ፤ ጫፏ ቫልቭ ላይ ነው። ሥራዋ ጭነት መለካት ነው። ሲጫን የኋላው ዝቅ ይላል፣ ዘንጓ ትገፋለች፣ ቫልቩ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቃል። ባዶ ሲሆን ይቀንሳል፣ የኋላው ጎማ ቀድሞ ታስሮ እንዳያሽከረክርህ። አንተ ባሌስትራ ስትጨምር ኋላውን ከፍ አደረግከው። አንድ ቶን ጭነህ ቫልቩ ባዶ ነህ ብሎ ያምናል። ዘንጓ በአዲሱ ከፍታ ልክ ትስተካከል።

“ቫልቩን አውጥተን ቀጥታ እናገናኘው” የሚልህ አይጠፋም። እሺ እንዳትል። በክረምት ባዶ መኪና እርጥብ አስፋልት ላይ ስትይዝ የኋላው ፊት ለመሆን ይሞክራል።

ጥያቄ፦ የኋላ ታምቡር ሲከፈት ዘይት በዘይት ሆኖ አገኘነው። ሸራውን በቤንዚን አጥበን መለስነው። ልክ ነን?

አይደላችሁም። ሸራ የጠጣውን አይተፋም፤ ሲሞቅ ደግሞ መልሶ ወደ ላይ ያወጣዋል። የግራም የቀኝም ሸራ አብሮ ይቀየር። ከዚያ በፊት ግን ምንጩን እወቁ። ወፍራምና የሚሰነፍጥ ሽታ ካለው የዲፈረንሻል ዘይት ነው፤ የአክሰሉ “ኦይል ሲል” (ዘይቱን የሚያግደው ጎማ) አልቋል። ቀጭን ከሆነና የማጠራቀሚያው መጠን ከወረደ የጎማው ሲሊንደር ነው። ዲፈረንሻሉ ከልክ በላይ ሞልቶ ወይም መተንፈሻው በጭቃ ተደፍኖም ዘይቱን ወደ ጎማ ይገፋዋል። መተንፈሻውን የሚያጸዳ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ታምቡሩ ቶርኖ ቤት ከሄደ በላዩ የተጻፈውን የመጨረሻ ልክ አሳልፋችሁ አታስበሉት። አቧራውን ደግሞ በኮምፕረሰር አትንፉት። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፣ ለሳንባ መርዝ ነው። በውሃ አርጥቡትና በጨርቅ ጥረጉት።

ጥያቄ፦ ከሚኒሶታ ነው። የድሮ ቶዮታ ፒክአፕ አለኝ። የፍሬኑ የብረት ቱቦ በዝገት ተበሳ። የተበሳውን ቆርጬ መሃሉን ላገናኘው?

እናንተ ጋ በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው የበላው። አንዱ ቦታ ከተበሳ ሌላውም ተራውን እየጠበቀ ነው፤ ሙሉውን ቀይረው። ከመዳብና ከኒኬል የተሠራው ቱቦ አይዝግም፣ በእጅም ይታጠፋል። ጫፉ ግን ሁለት ጊዜ የታጠፈ አፍ ይኑረው። ለውሃ መስመር የሚሠራውን መጋጠሚያ በፍሬን ላይ እንዳትጠቀም፤ ግፊቱን አይችለውም።

ጥያቄ፦ ለቦሎ ምርመራ ወስጄው በእጅ ፍሬን ወደቅኩ። ገመዱን አስጠበቅኩት፤ ከሳምንት በኋላ ያው ሆነ። ሶማሌ ተራ ሄጄ አዲስ ገመድ ልግዛ ጋሼ?

ገንዘብሽን ያዢ እህቴ። የኋላው ሸራ ከታምቡሩ ርቆ ሳለ ገመድ ማጥበቅ ትርጉም የለውም። መጀመሪያ ገመዱ ይላላ። ከዚያ በታምቡሩ ውስጥ ያለችው ባለ ጥርስ ማስተካከያ ትዙር፣ ጎማው በእጅ ሲዞር ሸራው ለስለስ ብሎ እስኪነካ። ብዙ ጊዜ ዝጋ ትጣበቃለች፤ ትፈታ፣ ትጽዳ፣ ትንሽ ግሪስ ትቀባ። ገመዱ የሚጠብቀው ከዚያ በኋላ ነው። ሌላም ጥቅም አለው፤ ፔዳሉም ከፍ ይልልሻል። እሱንም ገመዱን ገዝተሽ ቢሆን ኖሮ አታገኚውም ነበር።