መልስ፦ የመግቢያ ክፍያ የፓርክን ዋጋ ያሳያልን?

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለጎብኚዎች የሚሰጠው ጥቅም በመግቢያው ከሚሰበሰበው ገንዘብ ሊሰላ ይችል እንደሆነ ጠይቀዋል። አይቻልም፤ የመግቢያ ክፍያው በመመሪያ የሚወሰን እንጂ ገበያ የተመነው ዋጋ አይደለምና። ጭላዳን ለማየት ከአዲስ አበባ የተነሣ ሰው እስከ ጎንደር ለአውሮፕላን ወይም ለአውቶቡስ የሚከፍለው፣ ከዚያም 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የፓርኩ መግቢያ ከተማ ደባርቅ ለመድረስ የሚያወጣው ገንዘብና በመንገድ ላይ የሚያሳልፈው ጊዜ ሁሉ የጉብኝቱ ዋጋ ነው።

ይህን ሐሳብ አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ሃሮልድ ሆተሊንግ እ.ኤ.አ. በ1947 ለአገሩ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት በጻፈው ደብዳቤ አቅርቦታል። በዚህ የጉዞ ወጪ ስሌት ጎብኚዎች በመነሻ ቦታቸው በቀጠና ይመደባሉ፤ ከየቀጠናው ሕዝብ ስንት እጁ እንደመጣ ይቆጠራል፤ ወጪው ሲጨምር ጉብኝቱ ምን ያህል እንደሚቀንስም ይመረመራል። ጎብኚዎች ለመክፈል ፈቃደኛ ከሚሆኑበት መጠን ላይ በእርግጥ ያወጡት ሲቀነስ የሚቀረው፣ ፓርኩ ያስገኘላቸው የተጣራ ጥቅም ነው።

አጥብቀው እንዲጠነቀቁ የምለምንዎት በብዙ መዳረሻዎች ጉዞ ላይ ነው። ከአውሮፓ መጥቶ ላሊበላንና የፋሲል ግንብንም የጎበኘን ሰው ሙሉ ወጪ ለሰሜን ተራሮች ብቻ ማስቆጠር ውጤቱን ያለ ልክ ያንረዋል፤ ስለዚህ ለጎብኚዎች የሚያቀርቡት መጠይቅ እያንዳንዱ በየቦታው ስንት ቀን እንደቆየና ዋና ዓላማው የትኛው እንደነበር ይጠይቅ።

ፓርኩን ረግጦ የማያውቅ፣ ዋልያ ከምድር እንዳይጠፋ ግን ከልቡ የሚሻ ሰው በዚህ ስሌት አይታይም። የእርሱን ዋጋ ለማወቅ፣ ለጥበቃው ምን ያህል ሊከፍል እንደሚፈቅድ ቤተሰቦችን በቀጥታ መጠየቅ ያስፈልጋል።