ስለ ተርሚናል ቀለም ኮዶች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ

ኮምቦልቻ ነኝ፣ ኖድ ጄኤስ ላይ ነው የምሠራው። ሰሞኑን የደሴም የዚህም ልጆች ስለ አንሲ ሬጀክስ (በጽሑፍ ውስጥ የቀለምና መሰል ኮዶችን የሚያገኝ ሬጀክስ፣ ማለትም የጽሑፍ መፈለጊያ ቀመር፣ የሚሰጥ የኖድ ጄኤስ ላይብረሪ ነው) ደጋግመው ስለጠየቁኝ፣ ዛሬ ማታ መብራት እስካለ ድረስ የመጣውን ሁሉ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የፕሮግራሜን ውጤት ፋይል ላይ ሳስቀምጠው «[31ኤም» የሚል ነገር ይሞላዋል። ተበላሸ?

መልስ፦ አብሽር፣ አልተበላሸም። የቀለም ትእዛዝ ነው። ከፊቱ ኢስኬፕ የሚባል የማይታይ ቁምፊ አለ፣ ቁጥሩ 27። ከዚያ ቅንፍ፣ ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ ፊደል። 31 ቀይ ነው፣ 32 አረንጓዴ፣ 0 ደግሞ ቀለሙን ያጠፋል። ተርሚናሉ (ትእዛዝ የምንጽፍበት መስኮት) አንብቦ ይቀባል፤ ፋይል ግን የሰጡትን እንዳለ ይይዛል።

ጥያቄ፦ የከተማ ስም የያዘው ሠንጠረዤስ ለምን ይንጋደዳል?

መልስ፦ ርዝመት ስትለኪ ኮዱም አብሮ ስለሚቆጠር ነዋ። «ደሴ» 2 ፊደል ናት። ቀይ ስትቀቢያት ከፊት 5፣ ከኋላ 4 ቁምፊ ይጨመርባትና 11 ትሆናለች። ያልተቀባችው «ኮምቦልቻ» ግን 5 ብቻ ናት! መጀመሪያ ኮዱን አውጪ፣ ከዚያ ቁጠሪ።

ጥያቄ፦ ሬጀክሱን ራሴ ብጽፈውስ?

መልስ፦ በኤም ለሚያልቁት ብቻ ከሆነ ይቻላል። ግን ጠቋሚ የሚያንቀሳቅሱ፣ ስክሪን የሚያጸዱ፣ ሊንክ የሚያስገቡም አሉ። ሁሉንም ልያዝ ስትል ትንከራተታለህ።

ጥያቄ፦ ያንኑ ጽሑፍ በሬጀክሱ የቴስት ፋንክሽን ስፈትሽ አንዴ እውነት፣ አንዴ ሐሰት ይለኛል። እንቅልፍ ነሳኝ።

መልስ፦ ይቺ እኔንም አንድ ሌሊት ሙሉ አስቀምጣኛለች። ላይብረሪው የሚሰጥህ ሬጀክስ የጂ ምልክት («ሁሉንም ፈልግ» የሚል) አለበት። ስለዚህ አንድ ኮድ ባለው ጽሑፍ ላይ ያንን ካገኘ በኋላ ያቆመበትን ቦታ ያስታውሳል፣ በሚቀጥለው ጥሪ ከዚያ ጀምሮ ይፈልግና ምንም ሲያጣ ሐሰት ይልሃል፣ ከዚያ ወደ መነሻው ይመለሳል። ሬጀክሱን ቫሪያብል ውስጥ አስቀምጠህ አትመላለስበት። በየፍተሻው የላይብረሪውን ፋንክሽን አዲስ ጥራው፣ ወይም ኦንሊፈርስት የሚለውን አማራጩን ትሩ አድርገው፤ ያኔ ጂው ይቀራል።

ጥያቄ፦ የአንሲ ሬጀክስን የትኛውን ቨርዥን ልጫን?

መልስ፦ በሪኳየር (በድሮው የላይብረሪ መጥሪያ መንገድ) የሚሠራ የቆየ ፕሮጀክት ካለሽ 5.0.1። አዲስ ከሆነ 6.2.2 ወይም ከዚያ በላይ። 6.2.1ን ግን እንዳትነኪ፤ በ2025 እ.ኤ.አ. መስከረም ላይ ተንኮል ያለበት ኮድ አስገብተው የለቀቋት ናት። ሎክ ፋይልሽን (የተጫኑት ፓኬጆች ቨርዥን የሚመዘገብበትን) አሁኑኑ ክፈቺና እዪ፣ ሌላ ፓኬጅ ይዟት ገብቶ ሊሆን ይችላል።