ቴሲሴን ታወር ላይ በሚወጡት ልሥራ ወይስ ይቅርብኝ?

የጎንደሯ ተማሪ፣ ጥያቄሽ ደርሶኛል። በሥራ ጤናና ደህንነት ማስተርስሽን እየተማርሽ ነው። ወንድምሽ የቴሌኮም ታወር ላይ እየወጣ አንቴና ይጠግናል፤ ማታ ቤት ሲገባ ራሱን ያመዋል። "የሬዲዮ ሞገድ ጨረር በቴክኒሻኖች ጤና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት" ብለሽ ርዕስ ስታቀርቢ አማካሪሽ "አያዋጣሽም" አለሽ።

ርዕሱን አትተዪው። ግን አሁን ባለበት መልኩ ከሆነ የአማካሪሽ ነገር እውነት አለው።

የሬዲዮ ሞገድ በጤና ላይ ያለው ተጽዕኖ መጠናት ሲጀመርም መነሻው እንደ ወንድምሽ ያለ ሠራተኛ ነው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ማሰራጫ አጠገብ የሚሠሩ ሰዎች ሰውነታቸው ይግል ነበር። ተመራማሪዋ ሄለን ሆስመር ነገሩን መርምራ በ1928 (በፈረንጆቹ) አሳተመች። የሚገርመው ግኝቱ ሰው ከማስደንገጡ በፊት ለሕክምና ተፈለገ፤ ሆን ብሎ ትኩሳት ለማስነሳት!

እኔ የምወደው ግን የአሜሪካዊውን ተመራማሪ የአለን ፍሬይን ታሪክ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንድ ቴክኒሻን "ራዳሩ ይሰማኛል" አለው። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅበት ነበር። ፍሬይ ተነስቶ ራዳሩ ያለበት ሄደ፣ እዚያው ቆመ፣ እሱም ሰማ።

ችግሩ ልኬቱ ላይ ነው። የባዮፊዚክስ ተመራማሪው ኸርማን ሽዋን በ1953 ሰው ሊጋለጥበት ለሚችለው ጨረር በካሬ ሴንቲሜትር 10 ሚሊዋትን ወሰን አድርጎ ሲያቀርብ የተነሳው ከሙቀት ስሌት ነው። ሶቪየቶች ደግሞ የሠራተኞቻቸውን ራስ ምታትና ድካም ቆጥረው 1000 ጊዜ ያነሰ ወሰን አወጡ። በ1980 የታተመው ትልቁ ጥናት በኮሪያ ጦርነት ዘመን የነበሩ 40,000 ያህል የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰዎችን ተከታትሎ ግልጽ ጉዳት አላገኘም። ግን ለራዳር ጨረር ማን ብዙ፣ ማን ትንሽ ተጋለጠ የሚለውን የለየው በዋናነት በሥራ መደብ ነው። ራዳር ኦፕሬተሮቹ "ትንሽ ከተጋለጡት" ወገን ናቸው፤ ብዙ የተጋለጡት መሣሪያውን የሚጠግኑት ናቸው። በመደብ ስም ብቻ ብንሄድ ተገላቢጦሽ አይመስልሽም?

ስለዚህ በሽታውን ተዪውና መጋለጡን ለኪ። ደረት ላይ የሚንጠለጠል የጨረር መለኪያ አለ፤ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ክፍሉን በር አንኳኪ፣ ወይ ከአንድ ኮንትራክተር ተዋሺ። 15 ቴክኒሻን ይበቃሻል። ከአንቴናው ፊት ስንት ደቂቃ ቆመ? የአንቴናው ኃይል ተቀንሶ ነበር? ፀሐዩን፣ የጠጣውን ውኃም መዝግቢ፤ የራስ ምታቱ ምክንያት እሱም ሊሆን ይችላል። ይህን አንድ ማስተርስ ተማሪ በስድስት ወር ይጨርሰዋል። ሥራ ስትፈልጊም "ጨረር መለካት እችላለሁ" የሚል ሲቪ ብዙ ተፎካካሪ የለውም።

ወንድምሽን ግን ቴሲሱን ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ጠይቂው፦ ሲወጣ አንቴናውን የሚያጠፋለት ማነው? መጥፋቱንስ በምን ያውቃል?