ቆሮሶዎቼ ለምን አላደጉም?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን፣ ከሸዋሮቢት ነኝ። ጓሮዬ 10 በ20 ሜትር ኩሬ ቆፍሬ ቆሮሶ (ቲላፒያ) አሳ ለቅቄበታለሁ፣ ውሃው ከመስኖ ነው። የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ እኩል እኩል አርጌ በቀን ሁለቴ እበትንላቸዋለሁ፣ ግን ይኸው ሰባተኛ ወራቸው፣ ከመዳፌ አላለፉም። የአሳ ዱቄት ጨምርበት ብለውኝ ነበር፣ ዋጋው አይቀመስም። ጎረቤቴ ደግሞ አኩሪ አተር በጥሬው አስፈጭተህ ስጣቸው፣ ጓያም ቢሆን ችግር የለውም ይለኛል። ምን ላርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጎረቤትህ ግማሹ ልክ ነው፣ አኩሪ አተሩን ተቀበለው፣ ጥሬውን ግን እንዳትሞክረው። ጥሬ አኩሪ አተር ውስጥ ትሪፕሲን ኢንሂቢተር የሚባል ነገር አለ፣ ፕሮቲኑ ሆድ ውስጥ እንዳይፈጭ ያረጋል፣ አሳህ ጠግቦ በልቶ ሳይጠቀም ቀረ ማለት ነው። ይሄን የሚያጠፋው እሳት ስለሆነ እንደ ሽሮ እህል ምጣድ ላይ እያማሰልክ ቁላው፣ የጥሬ ሽታው ጠፍቶ ቡኒ ማለት ሲጀምር አውጣው፣ ካሳረርከው ደግሞ ላይሲኑ ይበላሻል (ላይሲንም ሜቲዮኒንም ፕሮቲን የሚሰራባቸው ክፍሎች ናቸው)። ለምን ስለ ላይሲን አወራለሁ? የኑግ ፋጉሎ ፕሮቲን አለው ግን ላይሲን ያንሰዋል፣ አኩሪ አተር ላይሲን ሞልቶት ሜቲዮኒን ያንሰዋል፣ እና እኛ ጤፍ እንጀራውን በሽሮ እንደምንበላው አንዱ የሌላውን ይሞላል።

ሂሳቡን እይ። ፋጉሎህ 32 በመቶ ፕሮቲን፣ ፉርሽካው 15 አካባቢ ቢኖረው እኩል ስትቀላቅል 23 ወይ 24 ነው የሚወጣህ፣ ለሚያድግ ቆሮሶ ደግሞ ከ28 እስከ 30 ይፈለጋል (ጫጩቶቹ እንዲያውም 35 እና ከዛ በላይ)። ስለዚህ ከ10 ኪሎ 4ቱን ፋጉሎ፣ 3ቱን የተቆላ አኩሪ አተር፣ 3ቱን ፉርሽካ አርገው፣ 29 አካባቢ ትገባለህ። እናንተ ጋ ማሾ አለ አይደል፣ ለገበያ የማይሆን ስባሪ ካገኘህ ቆልተህ ከፉርሽካው ላይ በከፊል ተካው። የሻገተ ፋጉሎ ግን በነፃ ቢሰጡህም አትውሰድ፣ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ጉበታቸውን ነው የሚጨርሰው። ጓያውን ተወው፣ ሰው ሽባ የሚያረግ እህል ለአሳ አልመክርም።

«እበትናለሁ» ስትል ግን ደነገጥኩ። ዱቄት ከበተንክ ንፋስ ዳር ይወስደዋል፣ ቀሪው ይሰምጣል፣ ውሃህን አበላሸህ እንጂ አሳ አልመገብክም። ትንሽ የስንዴ ዱቄት ገንፎ አርገህ ለውሰው፣ በስጋ መፍጫ አውጣው፣ አድርቀህ ቆራርጠህ ስጥ። ሰዓቱም ጠዋት ውሃው ሞቅ ሲል፣ 4 ሰዓት ገደማና ከሰዓት 10 ሰዓት ይሁን፣ በማለዳ ውሃው ውስጥ ኦክስጅን ትንሽ ነው።

ሌላው፣ እነዚህ መዳፍ የሚያክሉት ምናልባት መጀመሪያ የለቀቅካቸው ሳይሆኑ ልጆቻቸው ናቸው! ቆሮሶ ወንድና ሴቱ አብሮ ካለ በጥቂት ወር ኩሬውን ይሞላዋል፣ ሁሉም ቀጭጮ ይቀራል፣ እንዲህ ከሆነ የፈለከውን ብታበላ ለውጥ የለም። መረብ ወርውረህ አይተህ ትናንሾቹን ቀንስ፣ ወይ ጥቂት አምባዛ ጨምርበት፣ ጫጩቶቹን እየለቀመ ይበላልሃል።

ከደብረብርሃን ተመሳሳይ ጥያቄ ለፃፍሽልን እህታችን ግን መልሱ ሌላ ነው፣ ቆሮሶ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ውሃ ነው የሚመቸው፣ እናንተ ጋ ባለው ብርድ ምግቡን ቀምሶ ይተወዋል።