አፑ ካስተማራችሁ በኋላ ስልኩን አስቀምጡት

ውድ ወጣቶች፣

በሥነ ልቦና አማካሪነት ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። ሰሞኑን ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ «ለጭንቀት የትኛው አፕ ይሻላል?» እያሉ ነው። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው «ስልካችሁን ጣሉት» የሚል ሊመስላችሁ ይችላል። አልልም። እኩለ ሌሊት ላይ እንቅልፍ እንቢ ሲል ከአጠገባችሁ ያለው እሱ ነው። ብቻ አፑን እንደ አስተማሪ ያዙት። አስተማሪ ደግሞ አንድ ቀን አስተምሮ ይሸኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስንጨነቅ ሰውነታችን አድሬናሊንና ኮርቲዞል የሚባሉ ሆርሞኖችን ይለቃል። ልብ ይደልቃል፣ ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ ትከሻ ይወጠራል። ልብን «ቀስ በል» ብሎ ማዘዝ አይቻልም። ትንፋሽን ግን ይቻላል። አየር ስናስወጣ ቬገስ የተባለው ነርቭ የልብን ምት ያረግበዋል። ብዙ አፖች ላይ የሚሰፋና የሚጠብ ክብ አይታችኋል አይደል? ሥራው ትንፋሻችሁን ማዘግየት ነው።

እስቲ አሁኑኑ ሞክሩት። አንድ እጃችሁን ሆዳችሁ ላይ አድርጉ። እስከ 4 እየቆጠራችሁ በአፍንጫ ሳቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። በደቂቃ 6 ትንፋሽ ገደማ ይሆናል። እጃችሁ ከፍ ዝቅ ይበል፣ ትከሻችሁ ግን ባለበት ይቆይ። ራሳችሁን ካዞራችሁ አቁሙና እንደ ልማዳችሁ ተንፍሱ።

ይህን ደህና ሆናችሁ ሳለ ተለማመዱት። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ጭንቀቱ ሲብስባቸው አፕ ያወርዳሉ፣ በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብለው ያጠፉታል፣ ከዚያ ሌላ ያወርዳሉ። ከታወቁት አፖች ሄድስፔስ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2010፣ ካልም ደግሞ በ2012 ነው። የሚያስተምሩት ማይንድፉልነስ፣ ማለትም ሐሳብን አሁን ባለው ነገር ላይ የማሳረፍ ልምምድ፣ ግን ከእነሱ በፊት ወደ ሕክምናው ዓለም ገብቷል። ጆን ካባት-ዚን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1979 ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ውስጥ የጀመረው ሥልጠና ዛሬ 8 ሳምንት ይወስዳል፣ የየዕለት የቤት ሥራም አለው። ስልክ ላይ ስለተጫነ በ3 ቀን አያልቅም። አንድ አፕ ምረጡ፣ ከእሱም አንድ ልምምድ ብቻ ያዙ።

አንዲት ተማሪ ለፈተና ስታጠና አምሽታ ከተኛች በኋላ «አፑ የሚቆጥርልኝ የተከታታይ ልምምድ ቀን ሊቋረጥብኝ ነው» ብላ ከአልጋዋ ዘልላ እንደተነሣች ነግራኛለች። ጭንቀት ሊያቀልላት የጫነችው አፕ እንቅልፏን ነሣት! ቆጣሪውንም ማሳሰቢያውንም አጥፊው አልኳት። እናንተም አጥፉት።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ነፃ ሙከራ የሚሰጡ ብዙ አፖች ቀኑ ሲያልፍ ራሳቸው ክፍያ ይጀምራሉና ልብ በሉ። የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያሠራው ማይንድፉልነስ ኮች የተባለው አፕ ለማንም ነፃ ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ምስጢራችሁ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ቤተርሄልፕ የተባለውን የኦንላይን ምክር አገልግሎት የደንበኞቹን የጤና መረጃ ለማስታወቂያ ሲል ለፌስቡክና ለስናፕቻት አሳልፏል ብሎ ከሶታል። ጉዳዩ ያለቀው ኩባንያው 7.8 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማምቶ ነው። ስለዚህ ማንም እንዲያነብባችሁ የማትፈልጉትን ነገር አፕ ላይ አትጻፉ። ኮንታክታችሁን ወይም ያላችሁበትን ቦታ ካላየሁ የሚል የትንፋሽ ልምምድ አፕ ካጋጠማችሁ አትፍቀዱለት። ምን ያደርግለታል?

እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት ከጠፋ፣ ትምህርቱ ወይም ሥራው ካቃታችሁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መኖር ካስጠላችሁ አፑን ተዉትና ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ ወደ ባለሙያ ሂዱ። ምን ብዬ ልጀምር ካላችሁ፣ አፑ ላይ የመዘገባችሁትን የስሜታችሁን ውሎ አውጥታችሁ አሳዩት። እኔ ዘንድ የመጡ ብዙ ልጆች ወሬውን የጀመሩት እንደዚያ ነው።