ጠዋት አረቄ ካልቀመሱ ማጭድ አይጨብጡም፤ ኃጢአቱ የእኔ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰነበቱ? የገራዶ ነዋሪ ነኝ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ጤፉን የማሳጭደው ግማሹን በጅጌ (በደቦ)፣ ግማሹን በቀን ሠራተኛ ነው። ለጅጌው ጠላ እጠምቃለሁ። የቀን ሠራተኞቹ ግን ጠዋት አንድ አንድ መለኪያ አረቄ ካልቀመሱ ሥራ አይጀምሩም፤ «ለብርድ ነው» ይላሉ። አንዱ ገና ልጅ እግር ነው፣ ሲነጋ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሲጠጣ ይተወዋል። እኔ ብከለክል ሌላው ይሰጣቸዋል፣ እህሌም ሜዳ ላይ ይቀራል። ኃጢአቱ በእኔ ላይ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ጠላ መጥመቅሽ ኃጢአት አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን መጠጥን በራሱ ርኩስ ነው አትልም። ቅዱስ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ለሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን ጠጣ ብሎታል (1ኛ ጢሞ. 5፥23)። ያው ጳውሎስ ግን «በወይን ጠጅ አትስከሩ» ይላል (ኤፌ. 5፥18)። በመጽሐፍ ቅዱስ መጀመሪያ ሰክሮ የምናገኘው ኖኅ ነው፣ እሱም ገበሬ ነበር (ዘፍ. 9፥20-21)። ያ ጻድቅ ሰው የገዛ ማሳው ፍሬ ራቁቱን አስተኛው።

እኔን ያስጨነቀኝ የጅጌው ጠላ ሳይሆን የጠዋቱ መለኪያ ነው። ጅጌ የመጣ ጎረቤት ካልፈለገ «ይቅርብኝ» ብሎ ይቀመጣል። የቀን ሠራተኛው ግን የዕለት እንጀራው በአንቺ እጅ ነው፤ አረቄውን የሥራ ማስጀመሪያ ስታደርጊው ጉልበቱን እየገዛሽ ጤናውን ጭምር እየወሰድሽበት ነው። ከዚህም የከፋ አለ። አንዳንዱ አሠሪ ሒሳቡን የሚከፍለው አረቄ ቤት ቁጭ ብሎ ነው፣ የአረቄ ቤቷ ሴትዮ ዱቤዋን ቀንሳ የተረፈውን ታቀብላለች፣ የሠራተኛው ልጆች ጋ የሚደርሰው ምንም አይደለም። እግዚአብሔር የሠራተኛው ዋጋ አንተ ዘንድ አይደር ብሎ ያዘዘው (ዘሌ. 19፥13) ደሃው በልቶ እንዲያድር ነው።

«ለብርድ ነው» የሚለውን አትቀበዪ። የኅዳር ጠዋት በእኛ አገር እንደሚቆረጥም አውቃለሁ። አረቄ ግን የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ ደሙን ወደ ቆዳ እየገፋ የውስጡን ሙቀት ያስወጣል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትከር ደግሞ ሽንት እያበዛ ውሃውን ይጨርስበታል፣ በዚያ ላይ እጁ ላይ ማጭድ አለ። ደግሞስ ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት አይደል? ሥጋ የለበትም ተብሎ ጠዋት የሚጠጣ አረቄ ጾም ይሽራል።

ብቻሽን ብትከለክዪ ሠራተኛው ሌላ ማሳ ይሄዳል ያልሽው እውነት ነው። ስለዚህ ከአጨዳው በፊት ከጎረቤቶችሽ ጋር ተነጋገሪና የአረቄውን ብር ደመወዙ ላይ ጨምሩለት። የካሉ ሙስሊም ወገኖቻችን አልኮል የሚባል ሳያቀርቡ፣ በቀሪቦና በቡና ያሳጭዱ የለም እንዴ? እህላቸው ሜዳ ላይ አልቀረም። ንጹሕ ውሃ ማሳው ላይ ይኑር፣ ምሳው ጠገብ ያለ ይሁን። ጠላ ካስፈለገም ማጭዱ ከተቀመጠ በኋላ፣ ከምግብ ጋር፣ በልክ ይሁን።

ስለ ልጁ ግን ጠንቀቅ በዪ። ሲነጋ የሚንቀጠቀጠው ሰውነቱ አረቄውን ስለለመደ ነው። እንዲህ የሆነ ሰው በአንድ ጊዜ ቁርጥ ሲያደርግ ሊጥለው፣ ሊገድለውም ይችላል። ስለዚህ በቁጣ አትከልክዪው፣ «በሚካኤል ማል» ብለሽም አታስምዪው። የማለ ልጅ በሦስተኛው ቀን ሲጠጣ ከመሐላው ኀፍረት ለመሸሽ የባሰ ይጠጣል፤ ስንቱን እንዲህ አይተናል! መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ጤና ጣቢያው ደሴ ሆስፒታል ሊልከው ይችላል። ጸበሉንም አይተው፣ ሁለቱ አይጣሉም፤ ሐኪምን አክብር የሚለው የራሳችን መጽሐፈ ሲራክ ነው (ምዕ. 38)። ንስሐ አባት ከሌለው የአንቺ ንስሐ አባት ያናግሩት። የት እንደሚያድርም ጠይቂው። ከሩቅ የመጣ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ማደሪያው አረቄ ቤት ነው፣ እዚያ እያደረ ተው ቢሉት እንዴት ይተዋል?

ኃጢአቱ የእኔ ነው ወይ ላልሽው፣ እስከ ዛሬ ሳታውቂ ያደረግሽውን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ እግዚአብሔር መሐሪ ነው። ከእንግዲህ ግን እጁ ሲንቀጠቀጥ እያየሽ፣ ሐኪም ጋ ሳትወስጂው ዝም ብለሽ መለኪያውን ብትቀጂለት ድርሻ አለብሽ። ነገ ዛሬ ሳትዪ ራስሽ ጤና ጣቢያ ይዘሽው ሂጂ፣ የዚያን ቀን ደመወዙንም አትቁረጪበት።